ከባሌ የተደበቅሁበት ጾም

ከቡሬ የወጣሁ ለት ገና ጎህ አልቀደደም። ባሌ ሙሉቀን ሻንጣዬን አውቶቡሱ ላይ አስጫነና በመስኮት እጁን አስገብቶ ጣቶቼን ጨበጠኝ። ሰው ፊት እጄን ይዞኝ አያውቅም።

«ለወር ነው አይደል?» አለኝ።

«ለወር ነው» አልኩት።

ፍኖተ ሰላምን እስክናልፍ ድረስ የእጁ ሙቀት ከጣቶቼ አልለቀቀም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አግኝቼ አዲስ አበባ ሄደሽ ታከሚ ብለውኝ ነው። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈኝ። ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁት እህቶቼ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአፋችን ስለማናወራው።

አዲስ አበባን ምን ብዬ ልንገራችሁ? በርበሬው ቀይ ነው እንጂ እንደ ቡሬው አያቃጥልም። ጎረቤቱ ደህና አደራችሁ ሳይል ያልፋል። ኬሞው ፀጉሬን ወሰደ፣ ቀዶ ሕክምናው ጡቴን፣ ጨረሩ ደረቴን አጠቆረው። ይህን ሁሉ አስቀድመው ነግረውኛል። ያልነገሩኝ ሌላውን ነው። የወር አበባዬ ቆመ። በየቀኑ የምውጠውን የሆርሞን ክኒን ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ገላዬ ውስጡ ድረስ ደረቀ፤ ፍላጎቴም የት እንደገባ አላውቅም።

ጨረሩ እንዳለቀ ሙሉቀን ሊጠይቀኝ መጣ። ሸሚዜን ሳላወልቅ አብረን ተኛን። እንደ ምላጭ ነበር። ጋቢውን ነከስኩ።

«አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ ምንም።»

እሱ ግን ተወኝ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

በሚቀጥለው ሲመጣ ወሩ ጥቅምት ነበር። «የጽጌን ጾም ይዣለሁ» አልኩት። የፈቃድ ጾም መሆኑን እሱም ያውቃል፤ እኔም አገሬ ሳለሁ ጾሜው አላውቅ። በጾም ባልና ሚስት አብሮ አይተኛምና «በርቺ» ብሎ ፍራሹን ለብቻው መሬት ላይ ዘረጋ። መሸሸጊያ አገኘሁ! ከጽጌ ወደ ነቢያት፣ ከነቢያት ወደ ሁዳዴ ተሸጋገርኩ። ና የምለው ጾም ሲገባ ብቻ ሆነ፤ ጾሙ ሲፈታ «መንገዱ አያስተማምንም፣ አትምጣ» እላለሁ። ሕክምናው አልቆ ክትትል ብቻ ሲቀረኝም በርበሬ እያስፈጨሁ እየሸጥኩ እዚሁ ቀረሁ። አገር ቤት ያለን አንድ አልጋ ነዋ።

በሁዳዴ አከራዬ እትዬ ዘነቡ ሁለቱን ፍራሽ አይተው በር ላይ ያዙኝ።

«ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

«ባሌ ነው፣ እትዬ።»

«ባልሽ ከሆነ ፍራሹ ለምን ሁለት ሆነ?»

«ጾም ነው እኮ።»

«ጥቅምት ጾም፣ ታኅሣሥ ጾም፣ አሁንም ጾም! እኔ ባሌ ከሞተ አሥር ዓመቱ፤ እንዳንቺ አልጾምኩም!»

ሳቅሁላቸው። ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ሐምሌ ላይ ለክትትል ስሄድ አንዲት ነርስ መጋረጃውን ስባ «ከባለቤትሽ ጋር መተኛቱስ እንዴት ነው?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

«ከሕክምናው ነው፤ ብዙዎችን ያጋጥማል። ክኒኑን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ። ሆርሞን የሌለው ማለስለሻ ቅባት አለ፣ እሱን ሞክሪ። ካመመሽ አቁሙ፤ ቻል አታድርጊው። ከሁሉ በፊት ግን ለእሱ ንገሪው።»

«ገበሬ ነው፣ ሲስተር፤ ያፍራል።»

«ዶክተሮቹስ አያፍሩም? ይኸው ሁለት ዓመት ማን ጠየቀሽ?»

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ደወልኩለት። በቆሎ ማሳው ውስጥ ነበር፤ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ያን ለት እንዳመመኝ፣ ጾሙም መደበቂያዬ እንደነበር እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

«አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«በጽጌ ጊዜ የንስሐ አባታችንን ጠይቄያቸው ነበር። ‹መድኃኒት የምትውጥ ሴት ጾም የለባትም፣ ትብላ በላት› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ያን ለት ገላሽ ሲንቀጠቀጥ ቁስሉን የቀሰቀስኩት መስሎኝ ነዋ! ብነካሽ የምገድልሽ መሰለኝ። ጾሙ ለኔም ተመቸኝ።»

ይህን ሁሉ ወር ሁለታችንም ለየብቻ በጾሙ ተሸሽገን!

«በይ አሁን ነይ» አለ። «እስከ ጽጌ ድረስ ጾም የለም።»

«ረቡዕና ዓርብ አለ።»

ሳቀ። ያን ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! «እንግዲያው ሐሙስ ድረሺ።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ጠባሳዬን ገና አላየውም፤ እኔም ስታጠብ እንደ ባዳ ገላ ዓይኔን መልሼ ነው።

«እስኪ» አልኩት።

ስልኩን አልዘጋውም፤ እኔም አልዘጋሁም። የበቆሎው ቅጠል ብቻ ይንኮሻኮሻል።

ቅባቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ትኬቱን ግን ገና አልቆረጥኩም።