ውሃ የማይደርስበት ሰፈር

የጎርፍ ጥናት ነው የምሠራው። ላፕቶፔ ውሃው የት እንደሚደርስ የሚያሰላውን የጎርፍ ሞዴል ሳስኬድበት እየጋለ ድርግም ስለሚልብኝ፣ ባለፈው ጥር ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። ሻጩ በቀለም በቀለም መብራት የሚያበራ የጌም ኮምፒውተር አወደሰልኝ።

«መብራቱ ምን ያደርግልኛል? ፕሮሰሰሩና ራሙ ነው እኔን የሚያሳስበኝ» አልኩትና ሞዴሉን ከፍላሼ ጭኜ ሞከርኩት። መሃል ላይ ቀጥ አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠውን ግዙፍ ጥቁር ማሽን አስነሳሁ። እሱ ምንም ሳያንገራግር ካርታው ላይ የላፍቶን ወንዝ ዳር በሰማያዊ ይሞላው ጀመር።

ለካ ፕሪንተር ሊያሠሩ የመጡ አንድ አባት ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ልጄ፣ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው አባቴ። ከባድ ዝናብ ከጣለ የሚጥለቀለቀው ቦታ ነው።»

«ውይ! እሁድ የልጄ ሠርግ ነው። ድንኳኑ እኮ እዚህ ጋ ነው የሚተከለው!»

«አይስጉ፣ ይሄ የክረምት ጎርፍ ነው።»

«ዘንድሮ ዝናብ ወር ያውቃል እንዴ? ይልቅ ውሃ የማይደርስበትን አሳየኝ።»

እንዲረጋጉ ብዬ ከፍ ያለውን የእኛን ሰፈር በጣቴ አሳየኋቸው። «እኔም እዚሁ ነው የምኖረው» አልኳቸው። መርቀውኝ ወጡ፤ እኔም ጥቁሩን ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። የግቢዬን በር ስከፍት መንገዱ በድንኳን ተዘግቷል። አባትየው ገመድ ይዘው ቆመዋል፤ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ና ልጄ፣ ይቺን ጫፍ ያዝልን። ቦታውን የመረጥክልን አንተ ነህ!»