የእድሩን ጥሩምባ የወለወልኩ ቀን

ዛሬ ጠዋት አባዬ «ነይ፣ ሞተሩን አንቺ አስነሺው» አለኝ! የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አይቀልድም። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳልጠጋው የተከለከልኩትን የብረት መወልወያ ራሴ አስነሳሁት፤ የሞቀ ሰምና የብረት ሽታው ሲሸተኝ፣ በቃ፣ እዚሁ ገርጂ ግቢያችን ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

መወልወያው የአባዬ ፈጠራ ነው። ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር ፈታ፣ እማዬ ለአንሶላ ያስቀመጠችውን አቡጀዲ ክብ ክብ አድርጎ ቆረጠ፣ ደራርቦ ሰፋና ሞተሩ ጫፍ ላይ አሰረው። (እማዬ አንሶላዋን እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።) ጨርቁ ሲሽከረከር ከመፍጠኑ የተነሳ የቆመ ይመስላል፤ አባዬ ሳሙና የመሰለ ቀይ ሰም ያስነካውና የጠቆረ ማንኪያ ሲያስጠጋለት፣ ጥቁረቱ ወደ ጎን እየተገፋ ከሥሩ ብርሃን ይወጣል። ብርሃኑ ድሮም እዚያው እንደነበረ ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

አንድ ቅዳሜ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ደምሴ ጥሩምባቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ነሐስ ነው ይባላል እንጂ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ሰው ሲሞት እየነፉት ስለሚዞሩ እኛ ልጆች ስናየው ፊታችንን እናዞር ነበር። አባዬ እጆቹን በእጆቼ ላይ አድርጎ ሰፊውን ጠርዝ አስወለወለኝ። ወርቅ ወጣ! ፊቴ ሰፍቶ፣ አፍንጫዬ ዱባ አክሎ፣ ከኋላዬ ግቢውና ሰማዩ ተጠማዝዘው ውስጡ ገቡ። ሞት የሚያወራ ነገር እንዲህ ያምራል?

አባዬና ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ፣ እንዲህ ያማረ ነገር ድምፁም ሳይለወጥ አይቀርም ብዬ ነፋሁት። አንዴ ብቻ። እሺ፣ ሁለቴ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የሟች ስም እስኪጠራ ማን ይጠብቃል! ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ አንድ እግሩን ብቻ ጫማ ያደረገ፣ ሁሉም ወር ሙሉ ታመው ወደተኙት ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘነበች በር ሮጠ። ሴቶቹ ለቅሶ ሊጀምሩ ሲሉ እትዬ ራሳቸው በምርኩዝ ብቅ አሉ።

«ማነው የሞተው?»

«እርስዎ...» አለች አንዷ ደንግጣ።

«እኔ? ታዲያ ለባለቤቷ አይነገርም?»

ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። አባዬ ግን አልሳቀም። ጥሩምባውን ከእጄ ተቀብሎ ሶኬቱን ነቀለ። «ይሄ ሰው የሚያምነው ድምፅ ነው» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ብርሃን በር ላይ ቆሜ፣ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ነው ያየሁት። ዛሬ ለምን እንደፈቀደልኝ አልጠየቅኩትም። ሐሳቡን ቢቀይርስ!

እትዬ ዘነበች ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ በእውነት ሲነፋላቸው ማንም አልሳቀም። ያን ቀን ከሮጡት ብዙዎቹ ቤታቸው ለመንገድ ፈርሶ ኮተቤና የካ ገብተዋል፤ ጋሽ ደምሴ የቱንም ያህል ቢነፉ አይሰማቸውም። አንድ ድምፅ ሰምቶ ባንዴ የሚወጣ ያን ያህል ሰው ደጃችን ላይ ዳግም አላየሁም።

እንግዲህ እኔ ልጥራችሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቤታችን ኑ፣ የሄዳችሁም ያላችሁም። የጠቆረ ማንኪያ ወይም የበር እጀታ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለውም ለማየት ይምጣ። ልጆችም አምጡ፣ እጃቸውን ይዤ አስወለውላቸዋለሁ። ፀጉር ግን ይታሰር፤ በዚህ ቀልድ የለም።