ቀድሞ የደረሰው ሽምብራ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ወደ ጎረቤቴ ደጅ የሽምብራ ዘር ይዞ መጥቶ ነበር። «ዝናብ ቢያጥረውም ቶሎ ይደርሳል» ሲል ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁት። ይህንኑ ቃል በልጅነት ትዳሬ፣ ባሌን ሞላን ባገባሁ በዓመቱ ሰምቼዋለሁ።

ቤታችን ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ማሽላው ወገብ ላይ እንደደረሰ፣ ነሐሴ ሳያልቅ ዝናቡ ቀጥ አለ፤ ማሽላውም በቁሙ ደረቀ። ከወንዙ ዳር ያለችው ጥቁር ዋልካ መሬታችን ብቻ እርጥበት ይዛ ቀረች። በመስከረም አንድ የእርሻ ሠራተኛ በበቅሎ መጣ። የአገራችን ሽምብራ ፍሬ ሳይዝ እርጥበቱ እንደሚያልቅበት፣ እሱ ያመጣው ግን ቀድሞ እንደሚደርስ አስረዳን። «ካማረላችሁ ዘሩን ለጎረቤት ታካፍላላችሁ» አለ። ሞላ ግማሹን መሬት ለሽምብራው ሰጠ፤ በግማሹ፣ ምናልባት ብሎ፣ ጓያ ዘራ። ጓያ ዝናብ ቢጠፋም ይበቅላል። ብቻውን ሲያዘወትሩት እግር ይዞ ሽባ እንደሚያደርግ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሰውዬው አልዋሸም። በኅዳር አገሩ ሁሉ አመድ ሲመስል የእኛ ሽምብራ ለምልሞ ፍሬ ቋጠረ። ጠዋት በማሳው መሃል ሳልፍ የቅጠሉ ጤዛ ቀሚሴን ያረጥበው ነበር፤ ጣቴን ስልሰው ይኮመጥጣል፣ ጨው ጨው ይላል። ሞላ እሸቱን ፈልፍሎ አጎረሰኝና «ለከርሞ መሬቱን በሙሉ ይኸን ነው የምዘራው» አለኝ።

የቆላው ሰው እህል ፍለጋ ወደ ሰቆጣ መውጣት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ከመንገዱ ሲታይ ከእኛ ማሳ በቀር አረንጓዴ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ልጆች ከዳር ዳሩ ነቀሉ፤ ቀጥሎ እናቶች ገቡ። ሞላ ዱላውን ይዞ ሲወርድ ተከተልኩት። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ እሸቱን ከነሥሩ እየነቀለች ትፈለፍልለታለች። ስታየን አልሸሸችም።

«እህቴ፣ ዘር ነው፤ ተይው» አላት በኽምጣንጋ፣ በእኛው በአገው ቋንቋ።

«ወንድሜ፣ መምታቱን ምታኝ። ልጄ እስኪበላ ብቻ ጠብቀኝ» አለችው።

ሞላ ዱላውን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ቤት ወጣ። «እሷን ከልክዬ እኔ እንዴት እውጠዋለሁ?» አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ የሽምብራው ማሳ ተግጦ አለቀ።

በጥር የእርሻ ሠራተኛው ዘሩን ሊያይ ተመለሰ። ባዶው የሽምብራ ማሳ ዳር ከበቅሎው ወረደ።

«አልደረሰም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ደርሶ ነበር ጌታው» አለ ሞላ። «እርስዎ እንዳሉት ነው የደረሰው። ተበላ።»

«ሌላ ዘር አልተሰጠኝም» አለ፣ ከበቅሎው ኮርቻ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። ከዚያ በኋላ አላየነውም።

ሰዉ ሲያልፍ ገና እሸት ያልያዘው ጓያ ግን ቀረልን። ቂጣውም፣ ሽሮውም፣ ንፍሮውም ጓያ ሆነ። እኔ ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ ሞላ የቀረችውን ጥቂት ገብስ ለእኔ እየተወ እሱ ጓያውን ይበላ ነበር። ሰኔ ሲገባ የተረፈንን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ሊያርስ ወጣ። ትልሙ መሃል ጉልበቱ ከዳው። ተነሣ፤ እግሮቹ ተጠላልፈው እንደገና ወደቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ በምርኩዝ ኖረ እንጂ ሞፈር አልጨበጠም። የዚያ ክረምት ዝናብ ደግሞ እንዴት ያለ መልካም ዝናብ ነበር፤ የሚያርስልን አጥተን መሬታችን ጦም አደረ።

ብዙ ዘመን የምቀየመው ሰው ስፈልግ ኖርኩ። ሠራተኛው መልካም ዘር ይዞ ነው የመጣው። ያችን ሴት እንዳልረግማት፣ እኔም በኋላ ልጅ አዝያለሁ። ጓያውም ቢሆን ነፍሳችንን ያቆየው እሱ ነው። ሞላ ካረፈ ቆይቷል፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ማንንም ሲያማርር አልሰማሁትም። ሁሉም መልካም ሆኖ ሳለ ሰው እንዲያ ሊጎዳ እንደሚችል ካየሁ ወዲህ፣ ሰዎች ስለ ከርሞ ማውራት ሲጀምሩ፣ ባለፈው ሳምንት ከአጥሩ ዳር እንዳደረግሁት፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።