ዜና ሲጀምር የሚጠፋው ሬዲዮ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ ከድር የሰጡኝ ካቻቢቴ ሳይሆን መጥረጊያ ነበር። መቱ ገበያ ዳር ባለችው የሬዲዮ መጠገኛ ሱቃቸው ሌላ ሠራተኛ አልነበረም። ጠርጌ ስጨርስ፣ «ጉተማ፣ ይህን እወቅ» አሉኝ። «ደንበኛ ሬዲዮውን የሚያመጣው ድንጋዩን ቤቱ አውጥቶ ነው። ይቀይሩብኛል ብሎ ይፈራል። አትቀየመው።»

እውነታቸውን ነበር። በደርግ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም፤ የኅብረት ሱቅ ሲመጣለት በራሽን ያድላል። ስለዚህ ከሁሩሙም ይምጣ ከዳሪሙ፣ ሰው ሬዲዮውን ሆዱን ባዶ አድርጎ ነው የሚያስረክበን። እኛ የምንሞክረው ከአሮጌ ሞተር ሳይክል በወጣ ባትሪ ነው። በቴስተር እንለካለን፣ በካውያ እንበይዳለን፣ አዘፍነን እንመልሳለን። እኔም ቆይቶ «ቴክኒሻን» ተባልኩ። ደመወዜ ግን የጠራጊ እንደሆነ ቀረ።

አንድ ክረምት፣ ሻይ ቤት ያላቸው ጋሼ ሸምሱ ሬዲዮአቸውን ታቅፈው በጠዋት መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሼ ከድር።

«ይጠፋል። ደግሞ በራሱ ይነሳል።»

«እሱማ ቀላል ነው።»

«ምኑ ነው ቀላል! የሚጠፋው እኮ ዜና ሲጀምር ነው። ዜናው ሲያልቅ ተነስቶ ይዘፍናል!»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡ በየምሽቱ እዚያ ሻይ ቤት ተሰብስቦ ዜና እንዲሰማ አዘዋል፤ ራሳቸውም መጥተው ፊት ይቀመጣሉ። ሬዲዮው እየደጋገመ ሲያሳፍራቸው ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ ሳቁን በሳል ይሸፍናል። በመጨረሻ፣ «ነገ ማታ ከደገመው አንተም ትታሰራለህ፣ ቤቱም ይታሸጋል» ብለዋቸው ሄደዋል። ነገ የተባለው ያ ቀን ነበር።

ከፈትነው። አቧራውን አራገፍን፣ የላላውን ሁሉ በየድን። ቀኑን ሙሉ በሞተር ሳይክሉ ባትሪ አስጮህነው፤ የቀትሩን ዜና ሳይቀር አንድም ሳይደናቀፍ ጨረሰ። ጋሼ ከድር «ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው» ብለው አስረከቡ።

ማታ የሥራችንን ፍሬ ለማየት ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ሬዲዮው በዝቅተኛ ድምፅ ይዘፍናል። የዜናው ሰዓት ሲደርስ ሊቀመንበሩ «ድምፁ ይጨመር!» አሉ። ጋሼ ሸምሱ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞሩት። አንባቢው «ጤና ይስጥልን» ብሎ ሳይጨርስ ሬዲዮው ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፣ ግማሽ ቃል ተናገረ፣ ደግሞ ጠፋ።

ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው በር ላይ ለቆሙት አብዮት ጠባቂዎች «ውሰዱት!» አሉ። ጋሼ ሸምሱ ወደ ጓዳው በር አፈገፈጉ። እኔም ፈራሁ፤ ጤነኛ ነው ያልነው እኛ ነን።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንዴ ልየው» አልኩና ጀርባውን ከፈትኩ። ድንጋዮቹን ስነካ እንደ ተቀቀለ ድንች ይሞቃሉ። የጋሼ ሸምሱን ሚስት እትዬ ጫልቱን ከጓዳ ጠራኋቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ድንጋይ የት ነበር?»

«ምድጃ ዳር ነዋ! ማሎ፣ እባክህ፣ የሌላ አገር ሰው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል አሉ። መቱ በክረምት ፀሐይ የት አለና ልጄ? ሲደክም እኔ አሞቀዋለሁ።»

ያኔ ገባኝ። የደከመ ድንጋይ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ለዝግ ያለ ዘፈን ይበቃል። ድምፁ ሲጨመር ግን ሬዲዮው ብዙ ኃይል ይስባል፣ ድንጋዩም ይሸነፋል። ጥቂት ሲያርፍ ይነሳል። ጋሼ ሸምሱ ድንጋይ ለመቆጠብ ዘፈኑን ዝቅ አድርገው ነው የሚከፍቱት፤ የሚጮኸው ለዜና ብቻ ነው። በሽታው ምድጃ ዳር ቀርቶ፣ እኛ ቀኑን ሙሉ ጤነኛ ስናክም ውለናል።

«የእርስዎ ትእዛዝ ነው የሚገድለው» ማለት አይቻልም። ይዤው በመጣሁት ቴስተር ለካሁና፣ «ጓድ፣ ሬዲዮው ዜናውን ማሰማት ይፈልጋል፣ አቅም ነው ያነሰው። ከአራቱ ሁለቱ ሞተዋል። ደህና ድንጋይ ያለው ሰው አለ?» አልኩ።

የሁሉም ዓይን ጠረጴዛው ላይ ወደተጋደመው የሊቀመንበሩ የእጅ ባትሪ ሄደ። እሳቸውም አዩት። ቂጡን ራሳቸው ፈቱት።

ዜናው እስከ መጨረሻው ቃል ተነበበ። ጠባቂዎቹም ቁጭ ብለው ሰሙ። ጋሼ ሸምሱ ለቤቱ ሁሉ ሻይ አስቀዱ።

ሊቀመንበሩ ድንጋያቸውን ሊወስዱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እኔ በትሕትና «የነገው ዜናስ ጓድ?» አልኩ። ትኩር ብለው አዩኝና ባዶውን ባትሪ ይዘው ወጡ። ደጁ ጨለማና የመቱ ጭቃ ነው። ወዲያው አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ሁሉም ፊቱን ወደ ሻይ ብርጭቆው ደፋ። ሬዲዮው ዘፈን ሲጀምር ግን ቤቱ በሙሉ በዘፈኑ አሳቦ ሳቀ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሰፈር ልጆች የቤት ኮምፒዩተራቸው በራሱ እየጠፋ ሲነሳ «አባባ ይዩልን» ይሉኛል። ስለ ኮምፒዩተር እምብዛም አላውቅም። ሲጠፋ ምን እያሠራችሁት ነበር፣ ኃይሉንስ ከየት ነው የሚያገኘው ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ። እናንተም የሚጠፋ ዕቃ ሲመጣላችሁ ከነድንጋዩ አስመጡት።