በልጄ ደም ውስጥ ከፍ ያለው ነገር

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ተቅማጥ ያዛት። አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ለምርመራ ደም ሰጠች፤ ውጤቱ ሳይደርስ ተቅማጡ ቆመ። እኔም ረስቼው ነበር። «እናቷ ነሽ? ብትመጪ ጥሩ ነው» ብለው ከክሊኒኩ ሲደውሉልኝ ቢሮ ምሳ እየበላሁ ነበር።

ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን አሳየኝ። አንድ ኢንዛይም ከልክ በላይ ከፍ ብሏል።

«ከጉበት ወይም ከአጥንት ሊሆን ይችላል፤ ማለቴ፣ ማጣራት አለብን» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም።

መመላለስ ሆነ። ከቢሮ ማስፈቀድ፣ ካዛንቺስ ለአልትራሳውንድ፣ ሌላ ቀን ለራጅ፣ እንደገና ደም። ልጄ ነጭ ጋውን ባየች ቁጥር ክንዷን ሹራቧ ውስጥ መደበቅ ጀመረች። ጉበቷም አጥንቷም ደህና ነው ተባለ፤ ኢንዛይሙ ግን አልወረደም። አማቴ «ቂርቆስ ጠበል እናስጠምቃት» አሉ። እሺ አልኩ፤ ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ስለ ካንሰር ሲያነብ እያየሁ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ልጄ ግን ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ የጎረቤት ድመት ታባርራለች።

በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ተላክን። ውጤቶቹን አዩ፤ ሆዷን ዳበሱ፤ እስከ በሩ አስኬዷት።

«ከምርመራው በፊት አሟት ነበር?»

«ተቅማጥ ነበራት።»

«በቃ፣ ይሄ ትንንሽ ልጆች ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ ነው። ብዙ ጊዜ ከቀላል ሕመም በኋላ ይወጣል፤ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ሌላው ምርመራዋ ሁሉ ደህና ነው፤ ልጅሽ በሽታ የለባትም።»

«መድኃኒቱስ ዶክተር? ምን ይሰጡኛል?»

«ምንም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዴ እናየዋለን። እስከዚያ መርፌ አታስነኪያት።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺስ፣ እንቅልፍ ትተኛለሽ?»

ወራት ሙሉ ስለ እኔ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ ደሟ ታየ። ኢንዛይሙ ወርዶ የማንኛውም ጤነኛ ልጅ ያህል ሆኗል። ለባለቤቴ ደወልኩለትና «ደህና ናት» አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔ እንባዬ አልመጣም።

ቤት ስንደርስ ከነጫማዬ አልጋው ላይ ወደቅኩ። አማቴ በር ላይ ቆመው የምሥራቹን ለጎረቤት ሲያወሩ ይሰማኛል። ተነስቼ አብሬያቸው እልል ልል ፈለግኩ፤ ሰውነቴ እምቢ አለኝ።