ከስልጠናው በኋላ

ባለፈው ሐሙስ አብነት ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ የጋለ ዘይትና የቦንቦሊኖ ሽታ መጣብኝ። ታክሲው መጥቶ ሄደ፤ እኔ ግን በሐሳብ ልደታ፣ ያደግሁበት ግቢ፣ እትዬ ደብሪቱ ደጃፍ ላይ ነበርኩ።

እትዬ ደብሪቱ በደርግ ዘመን ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው በጊዜ ስለሞቱ፣ አንድ ልጃቸውን ተስፋዬን ያሳደጉት ጥቀርሻ በጠገበ የላምባ ምድጃ ላይ ቦንቦሊኖ እየጠበሱ ነው። ተስፋዬ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በካኪ ልብሱ ቤታቸው ገብቶ ተቀመጠ።

«ራስዎ ካቀረቡት ግንባር አይሄድም። ከስልጠናው በኋላ እዚሁ ፋብሪካ ይቀጠርልዎታል» አላቸው።

ተስፋዬ አሻፈረኝ አለ። እናቱ ግን ለምነው አሳመኑት። አዲስ ሸሚዝ አልብሰው፣ እጁን ይዘው ቀበሌ ድረስ ወሰዱት።

ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው መጠበቅ ሆነ። ቀበሌ ሄደው በጠየቁ ቁጥር «በቅርቡ ይመጣል» ይሏቸዋል። ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት ሲገባ፣ ተስፋዬ ሰሜን ግንባር ላይ መውደቁን አረዷቸው። አስከሬን አልመጣ፣ የሚያለቅሱበት መቃብር የለ።

እትዬ ደብሪቱ ለእንቁጣጣሽ ሊሰጡኝ የሠሩልኝን ቀይ ሹራብ በዚያው ሰሞን፣ በዝናብ፣ አምጥተው አለበሱኝ።

«እንቁጣጣሽ ገና ነው እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ምን ያስጠብቅሻል? ዛሬ ይሙቅሽ።»

ቆይቶ የወንድሜ ተራ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ያንኑ ቃል ይዞ እኛ ቤት መጣ። አባቴ ሊያምነው ዳድቶት ነበር። ሰውየው እንደወጣ እትዬ ደብሪቱ ገቡና በሩ ላይ ቆሙ።

«በቀለ፣ ለእኔም እንዲህ በትሕትና ነበር የነገረኝ» አሉት አባቴን። «ልጄ አልሄድም ብሎኝ ነበር። ለምኜ የላክሁት እኔ ነኝ።»

 በማግስቱ ወንድሜ አምቦ አጠገብ ወደምትኖረው አክስታችን ተሸኘ፤ መንግሥት እስኪለወጥ እርሻ ላይ ተደብቆ ከረመ። ልጁን ደብቀሃል ተብሎ አባቴ ታሰረ፤ ሲፈታ ጥርሱ ረግፎ ነበር። ስለ እስሩ አንድም ቀን አላወራንም።

ወንድሜ ሲመለስ እትዬ ደብሪቱ አርፈው ነበር። ዛሬ እሱም የልጆች አባት ነው። ባለሥልጣናት በቴሌቪዥን ቀርበው ወደፊት ስለሚመጣው ደግ ዘመን ሲናገሩ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንስና ልጆቹ የት እንዳሉ ይጠይቃል።