የጠፋችው ፍየል ቅጽሎች

ሥራዬ ደሴ፣ የምከራየው ቤት ኮምቦልቻ ነበር። የግቢ ጎረቤቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የማን እንደሆነች የማትታወቅ ፍየል ግቢያችን ገብታ አገኘቻት። የሰው ሐቅ አማና ነው፣ አደራ ነው ብላ ማስታወቂያ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ጋዜጠኛ ነኝና የሚታየውን ሁሉ ጻፍኩ፦ «ቀይ፣ ግንባረ ቦቃ፣ ቀንደ ቆልማማ፣ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ፍየል ተገኝታለች።»

እሷ ካርቶን ላይ ስትገለብጠው «ፍየል» ከሚለው በፊትም ነጠላ ሰረዝ ጨመረች። ሰረዙ ቅጽልን ከቅጽል እንጂ የመጨረሻውን ቅጽል ከስሙ እንደማይለይ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ተሸክማ ትንሽ ብታርፍ ምናለ?» አለችኝ።

ሰረዙን አጠፋሁት። ካርቶኑን ደጃችን ባለው ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

እስከ እኩለ ቀን ሦስት ባለቤቶች መጡ። ሦስቱም በየነጠላ ሰረዙ ቆም እያሉ ምልክቷን ተናገሩ፤ ሁለተኛውማ «ተገኝታለች» ብሎ ነው የጨረሰው። ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። በአገሯ የተገኘ ከብት ሲነገር አንድ ምልክት ይደበቃል፤ እውነተኛው ባለቤት የሚለየው በዚያ ነው። እኔ አንድም አላስቀረሁላትም።

ኋላ ግን ጠዋት ፍየሏ ጡቷ ሞልቶ ስትጮህ እንዳለበቻትና አመሏን እንዳየች ትዝ አላት። ስትታለብ አመሏ እንዴት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። አንዱ ጸጥተኛ ናት አለ፤ ሌላው ትራገጣለች አለ። ሦስተኛው ማስታወቂያውን ደግሞ አይቶ ሊመለስ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከሐርቡ መጡ። ፍየሏን አራስ ልጃቸው ቤት ሲያመጧት ገመዷን በጥሳ ጠፍታባቸው ኖሯል። ካርቶኑን ዞር ብለው አላዩትም።

«ወላሂ ሌባ፣ ወላሂ ሆዳም፣ ወላሂ አታላይ ናት። ልትታለብ ስትል ትተኛለች፤ ካልለመኗት አትነሣም።»

ልክ እንደ ነጠላ ሰረዙ፣ ከመጨረሻው ቅጽል በኋላ ወላሂ አላሉም፤ ለጎረቤቴ በዓይኔ ጠቆምኳት። እሷ ግን ጣሳ ይዛ ወደ ፍየሏ ሄዳለች። ፍየሏ ጣሳውን ስታይ ተዘረረች። ሽማግሌው አጎንብሰው «ተነሽ እመቤቴ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አሏት። ተነሣች።

ገመዷን ካሰሩላት በኋላ የጻፍኩትን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሰረዞቹን ጠብቄ አነበብኩ።

«ልጄ፣ ይህማ መልኳ ነው» አሉ። «አመሏን ጽፈህ ቢሆን ማንም የእኔ ናት ባላለ።»